ብሎግና ማኅበራዊ ሚዲያ ሳይንስ የሚደርሰንን መንገድ እንዴት ቀየሩት? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ሳይንስ በአማርኛ መጻፍ ከጀመርኩ ወዲህ ደጋግመው የሚመጡልኝ ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፤ «ዓ.ም.» ያልተጻፈበት ዓመት ሁሉ የአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የሳይንስ ተግባቦት ሲባል ምን ማለት ነው?

ተመራማሪ የደረሰበትን ነገር ተመራማሪ ላልሆነ ሰው ማድረስ ነው። የልማት ሠራተኛ ማሳ ዳር ቆሞ ስለ ስንዴ ዋግ ሲያስረዳ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቡናው እስኪፈላ ስለ ክትባት ስታወራ፣ ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ላሊበላ ላይ የቀለበት ግርዶሽ ሊታይ ሲል «ፀሐይዋን በባዶ ዓይን እንዳታዩ» ተብሎ ሲነገር፣ ሁሉም የሳይንስ ተግባቦት ነው። አዲሱ ስሙ ነው እንጂ ሥራው የቆየ ነው።

ከማኅበራዊ ሚዲያ በፊት የምርምር ዜና እንዴት ነበር የሚደርሰን?

በረጅም ቅብብሎሽ። ተመራማሪው ጽሑፉን ለጆርናል፣ ማለትም ጥናቶች ለሚታተሙበት የሙያ መጽሔት ይልካል። አርታኢው ለሁለት ወይም ለሦስት የሙያ አቻዎች ያስገመግመዋል፤ ካለፈ ይታተማል። ትልልቆቹ ጆርናሎች ጽሑፉን ከመውጣቱ ጥቂት ቀናት አስቀድመው ለጋዜጠኞች ይሰጡና «እስከዚህ ሰዓት ድረስ እንዳታወጡት» ይላሉ፤ ይህ አሠራር ዛሬም አለ። ሰዓቱ ሲደርስ ዜናው በአንድ ጊዜ በዓለም ዙሪያ ይለቀቃል። እኛ ጋ የሚደርሰው ደግሞ ከውጭ ዜና ወኪል ተተርጉሞ፣ ከስፖርቱ በፊት በምትገኝ አጭር ክፍተት ነበር።

ነገር ግን መዘግየት ሁሉ የአሠራር ጥፋት አልነበረም። በ2000 መጨረሻ በአፋር ዲኪካ ውስጥ ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የሚመራው ቡድን 3.3 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረች የሕፃን ቅሪተ አካል አገኘ፤ ሰላም የምንላት እሷ ናት። ዓለም የሰማው ግን በ2006 ነው። አጥንቷ ከአሸዋ ድንጋይ ጋር አንድ ላይ ተጣብቆ ስለነበር ዘረሰናይ በጥርስ ሐኪም መሣሪያ ድንጋዩን ቅንጣት በቅንጣት ሲያነሳ ዓመታት አለፉ። እንዲህ ያለውን ሥራ ቲክቶክም አያፈጥነው።

ታዲያ አሁን ምኑ ተቀየረ?

ፍጥነቱ የመጀመሪያው ነው። ጃንዋሪ 11 ቀን 2020 ቻይናዊው ዣንግ ዮንግዠን የለየውን የአዲሱን ኮሮና ቫይረስ ሙሉ የዘረመል ቅደም ተከተል፣ ባልደረባው ኤድዋርድ ሆምስ የቫይረስ አጥኚዎች በሚወያዩበት ክፍት ድረ ገጽ ላይ ለጠፈው፤ ከዚያም ሊንኩን ትዊተር ላይ አስቀመጠ። ጆርናል አልተጠበቀም። ከሁለት ቀን በኋላ ሞደርና የክትባቱን ንድፍ ቆርጦ ነበር።

ሁለተኛው ለውጥ ግምገማው ወደ አደባባይ መውጣቱ ነው። ቀድሞ ተመራማሪዎች የሚሟገቱት በደብዳቤና በጉባኤ የሻይ ሰዓት ነበር። አሁን እኛም እያየን ይሟገታሉ።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያስተውለው ነው። መረጃ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ትንንሾቹ ቃላት መንገድ ላይ ይቀራሉ። «እስካሁን በተመዘገበው»፣ «በአይጥ ላይ»፣ «ሊሆን ይችላል»። ተመራማሪው እነዚህን ቃላት የጻፋቸው ለማሳመር አይደለም፤ ግኝቱ የቆመው በእነሱ ላይ ነው። ከዚህ በታች ካሉት ጥያቄዎች ግማሾቹ ዞረው ዞረው እዚህ ጋ ነው የሚመጡት።

«ቅድመ ኅትመት» የሚባለው ከታተመ ጥናት በምን ይለያል?

የአቻ ግምገማ ሳያልፍ በክፍት ማኅደር ላይ የተቀመጠ የጥናት ጽሑፍ ነው። የፊዚክስና የሒሳብ ሰዎች ከ1991 ጀምሮ በአርካይቭ ይጠቀማሉ። ለሥነ ሕይወት ባዮአርካይቭ በ2013፣ ለሕክምና ሜድአርካይቭ በ2019 ተከፈቱ። ሜድአርካይቭ ዓመት ሳይሞላው ኮቪድ መጣና የጎርፍ ያህል ጽሑፍ ወረደበት።

ቅድመ ኅትመት መጥፎ ነገር አይደለም፤ ግን ማንነቱ መነገር አለበት። በጃንዋሪ 2020 መጨረሻ የሕንድ ተመራማሪዎች በአዲሱ ቫይረስ ላይ ከኤችአይቪ ጋር የሚመሳሰሉ አራት ቁራጮች አየን ብለው ባዮአርካይቭ ላይ ለጠፉ። «ቫይረሱ በሰው እጅ ተሠራ» የሚለው ወሬ በዚያው ተንጠለጠለ። ሌሎች ተመራማሪዎች ትዊተር ላይ ወዲያው መለሱ፦ ቁራጮቹ በጣም አጭር ስለሆኑ በብዙ ሌሎች ፍጥረታት ውስጥም ይገኛሉ። ጽሑፉ በሁለት ቀን ውስጥ በጸሐፊዎቹ ተነሳ። እኔ ግን የጽሑፉን ስክሪንሹት በአማርኛ ማብራሪያ ታጅቦ ከወራት በኋላም ሲዞር አይቻለሁ፤ መነሳቱን የጠቀሰ አልነበረም።

ሳይንቲስቶች ለምን ራሳቸው ይጽፋሉ? ጊዜ ማባከን አይሆንባቸውም?

ለዕድገት በዋናነት የሚቆጠርላቸው በጆርናል የታተመው ነው፤ ስለዚህ ጥያቄው ተገቢ ነው። የሚጽፉት ግን ለሕዝብ ብቻ አይደለም፤ ለሥራቸውም ይበጃል። በ2009 እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ቲሞቲ ጋወርስ አንድ ከባድ የሒሳብ ጥያቄ ብሎጉ ላይ አስቀምጦ «ኑ፣ አብረን እንፍታው» አለ። ከስመ ጥር ሊቃውንት እስከ መምህራን ሐሳብ አዋጡ፤ በሳምንታት ውስጥ አዲስ ማረጋገጫ ተገኘለት። ጽሑፉም በአንድ የጋራ የብዕር ስም ታተመ።

አንድ ብሎግ ትልቅ ጆርናል ያወጣውን ጥናት ሊያርም ይችላል?

ይችላል። ከሁሉ የተሻለው ምሳሌ የአርሴኒኩ ባክቴሪያ ነው። በ2010 መጨረሻ ናሳ «ከምድር ውጭ ሕይወትን ለመፈለግ ትልቅ ትርጉም ያለው ግኝት አለን» ብሎ ጋዜጣዊ መግለጫ ጠራ። መግለጫው እስኪሰጥ ድረስ ድሩ ስለ ባዕድ ፍጡራን ሲያወራ ሰነበተ። ዲሴምበር 2 ሳይንስ በተባለው ጆርናል የወጣው ጥናት፣ በካሊፎርኒያው ሞኖ ሐይቅ የተገኘ ባክቴሪያ በዲኤንኤው ውስጥ በፎስፈረስ ፈንታ መርዛማውን አርሴኒክ ይጠቀማል አለ። እውነት ቢሆን ኖሮ የሥነ ሕይወት መማሪያ መጻሕፍት እንደገና ይጻፉ ነበር።

ሮዚ ሬድፊልድ በካናዳው የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የደቂቅ ዘአካላት ተመራማሪ ነበረች። በሁለተኛው ቀን በግል ብሎጓ ላይ ጥናቱን ገጽ በገጽ እየገለጠች ተቸችው። ዋናው ነጥቧ ቀላል ነበር፦ ዲኤንኤው ከመለካቱ በፊት በወጉ አልታጠበም። ምስር ሳይታጠብ ድስት ገብቶ ወጡ ውስጥ አሸዋ ቢገኝ፣ «ይህ ምስር በውስጡ አሸዋ ያበቅላል» አይባልም። በተጨማሪም ባክቴሪያው ባደገበት ምግብ ውስጥ ቆሻሻ ሆኖ የገባው ጥቂት ፎስፈረስ ለዕድገቱ ይበቃው እንደነበር አሳየች። የናሳ ቃል አቀባይ ክርክሩ መደረግ ያለበት በጆርናል እንጂ በብሎግ አይደለም የሚል ምላሽ ሰጠ።

እሷ እዚያ አላቆመችም። ባክቴሪያውን አስመጥታ ሙከራውን ደገመች፤ የዕለት ውሎዋን የተበላሸውን ጨምሮ ብሎጉ ላይ እየጻፈች ቀጠለች። በ2012 የእሷና የባልደረቦቿ ጥናት ከአንድ የስዊዘርላንድ ቡድን ጥናት ጋር እዚያው ጆርናል ላይ ወጣ፤ ዲኤንኤው ውስጥ አርሴኒክ የለም። ጆርናሉ የመጀመሪያውን ጽሑፍ የሻረው ግን በጁላይ 2025 ነው። ማጭበርበር አለ ብሎ አይደለም፤ መደምደሚያው አልተደገፈም ብሎ ነው። ጸሐፊዎቹ እስካሁን አይስማሙም። ብሎጉ ሁለት ቀን፣ ጆርናሉ ከአሥራ አራት ዓመት በላይ። ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ በመሐል ያለው የ2012ቱ ማስረጃ የተገኘው በብሎግ ትችት ብቻ ሳይሆን በላቦራቶሪ ውስጥ በተሠራ ሥራ ነው።

ጥናቱ የአቻ ግምገማ አልፏል ከተባለስ? ማመን እንችላለን አይደል?

ካላለፈው ይልቅ ማመን ይቻላል። ማኅተም ግን አይደለም። ፌብሩዋሪ 2024 ላይ አንድ የታወቀ ጆርናል በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሳለ የአይጥ ሥዕል ያለበት ጽሑፍ አወጣ፤ የአይጡ ብልት ከአይጡ ገላ ይበልጣል፣ በሥዕሉ ላይ ያሉት የቃላት መግለጫዎችም ትርጉም የለሽ ፊደላት ነበሩ። ይህ ሁሉ የአቻ ግምገማ አልፎ ነው የታተመው። ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ሲሳቅበት ጽሑፉ በሦስት ቀን ውስጥ ተሻረ።

ብዙ ሰው ሼር ያደረገው ነገር እውነት የመሆን ዕድሉ አይበልጥም?

አይበልጥም፤ እንዲያውም። በ2018 የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች ከ2006 እስከ 2017 ትዊተር ላይ የተሰራጩ፣ እውነት ወይም ሐሰት መሆናቸው የተጣራ ወደ 126,000 የሚጠጉ ወሬዎችን ተከታትለው ነበር። ሐሰተኛው ወሬ የመጋራት ዕድሉ ከእውነተኛው በ70 በመቶ ይበልጥ ነበር። 1,500 ሰው ጋ ለመድረስ እውነቱ ከሐሰቱ ስድስት ጊዜ ያህል ይዘገያል። «ሮቦቶች ናቸው የሚያሰራጩት» የሚለውም አልያዘም፤ ሐሰቱን ይበልጥ የሚያራግበው ሰው ሆኖ ተገኘ። አዲስና አስደናቂ ነገር ማውራት ደስ ይለናል፣ ይኸው ነው።

እዚህም ትንንሾቹን ቃላት አልጥላቸው፦ ጥናቱ ትዊተርን ብቻ ነው ያየው፤ ያየውም ሁሉንም ዓይነት ዜና እንጂ የሳይንስን ብቻ አይደለም። ስለ ቴሌግራም የቤተሰብ ግሩፕ ምንም አይነግረንም።

«ሃይሊ ጉቢ ከ12,000 ዓመት በኋላ ፈነዳ» የሚለው ትክክል ነው?

መፈንዳቱ እውነት ነው። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. እሑድ በአፋር ክልል፣ በኤርታሌ ሰንሰለት ደቡባዊ ጫፍ የሚገኘው እሳተ ገሞራ፣ ሃይሊ ጉቢ፣ ፈነዳ። አመዱ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ሰማይ ወጣ፤ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በየመንና በኦማን በኩል እስከ ሕንድ ደረሰ፤ እዚያ በረራዎች ተሰረዙ። እዚህ ቅርቡ አፍዴራ አመድ ለበሰች፣ ከብቱም የሚግጠው ሣር ተሸፈነበት።

ቁጥሩ ግን ከየት መጣ? የሚሺጋን ቴክኖሎጂካል ዩኒቨርሲቲው የእሳተ ገሞራ አጥኚ ሲሞን ካርን ብሉስካይ በተባለው ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ የጻፈው ሃይሊ ጉቢ «በሆሎሲን ዘመን የተመዘገበ ፍንዳታ የለውም» የሚል ነበር። ሆሎሲን ማለት የመጨረሻው የበረዶ ዘመን ካበቃ ወዲህ ያለው፣ ወደ 12,000 ዓመት የሚጠጋው ጊዜ ነው። የስሚዝሶኒያን ተቋም የእሳተ ገሞራ መዝገብም ተመሳሳይ ነው። ዜናው ሲጓዝ «የተመዘገበ» የምትለው ቃል ወደቀች፤ «በ12,000 ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ» ሆነ።

ልዩነቱ ቀላል እንዳይመስልዎ። የቀበሌ መዝገብ ላይ ስሙ የሌለ ሰው አልተወለደም አይባልም። ዳናኪል እንኳን ጥንት ዛሬም በእግር መድረሻው ከባድ ነው፤ ዝርዝር የዕድሜ ምርመራ የተደረገላቸው እሳተ ገሞራዎች ጥቂት ናቸው። ሃይሊ ጉቢ ከሺህ ዓመት በፊት ፈንድቶ ቢሆን ማን ይጽፈው ነበር? «12,000 ዓመት ተኝቶ ነበር» ማለት ተራራውን እናውቀዋለን ማለት ነው። «መዝገብ የለንም» ማለት ደግሞ አናውቀውም፣ ሄዶ ማጥናት ያስፈልጋል ማለት ነው። ለአፍዴራ ሰው የሚጠቅመው የትኛው እንደሆነ ግልጽ ነው።

«ዛሬ ሌሊት ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ ይመጣል» የሚል መልእክት ደረሰኝ። ምን ላድርግ?

ይተኙ። ሰዓቱን፣ ቦታውንና መጠኑን ቆርጦ ትልቅ የመሬት መንቀጥቀጥን አስቀድሞ የተናገረ ሳይንቲስት እስካሁን የለም። «ናሳ ተናገረ»፣ «ጃፓኖች ደረሱበት» የሚል ቮይስ ከመጣ የላከልዎትን ሰው ዋናውን መግለጫ ይጠይቁት፤ ከላይ ፎርዋርድ የሚል ምልክት ብቻ ነው የሚያገኙት። እናትዎ ወይም አክስትዎ ከሆኑ የላኩት ግን በግሩፑ ፊት አይሟገቱ፤ ደውለው ያስረዷቸው። በሰው ፊት የተነገረ እርማት እልህ ነው የሚያተርፈው።

በ2017 ዓ.ም. አዋሽ ፈንታሌና ዱለቻ ሲንቀጠቀጡ እንዲህ ያለው መልእክት እየበዛ ሄደ። ታኅሣሥ 26 የደረሰው ወደ 5.7 የሚለካው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል፤ ብዙ ሺህ ሰው ከቀዬው ተነስቷል። የሳተላይት ራዳር ያሳየው በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች መካከል ከመሬት በታች ቅልጥ ዓለት እየሰነጠቀ መግባቱን ነው። እንዲህ ሲሆን «መንቀጥቀጡ ሊቀጥል ይችላል» ማለት ይቻላል፤ ባለሙያዎቹም ያሉት ይህንኑ ነው። «ማክሰኞ ሌሊት በ8 ሰዓት» ማለት ግን ሌላ ነገር ነው።

«የቱርክን መንቀጥቀጥ አስቀድሞ የተናገረ ሰው አለ» የሚለኝ አይጠፋም። ፌብሩዋሪ 3 ቀን 2023 ፍራንክ ሁገርቢትስ የሚባል ሆላንዳዊ፣ በቱርክ፣ በሶርያ፣ በሊባኖስና በዮርዳኖስ አካባቢ ይዋል ይደር እንጂ 7.5 ገደማ መንቀጥቀጥ ይኖራል ብሎ ትዊተር ላይ ጻፈ። በሦስተኛው ቀን 7.8 ሆነ። የሚተማመነው በፕላኔቶች አሰላለፍ ነው፤ የዘርፉ ሰዎች ይህን አይቀበሉም። «ይዋል ይደር እንጂ» የሚለውን ልብ ይበሉ፤ የታወቀ የስንጥቅ መስመር ላይ ላለ አገር ይህን ማንም መናገር ይችላል። ጽሑፉ ሲሰራጭ የወደቀችውም ይህችው ሐረግ ናት።

ቪዲዮው ላይ «ዶ/ር» ነው የሚለው። እንዴት አላምነውም?

አማርኛችን እዚህ ላይ ትንሽ ያስቸግራል። ሐኪሙም «ዶ/ር» ነው፣ በታሪክ ወይም በኢኮኖሚክስ ሦስተኛ ዲግሪ የያዘውም «ዶ/ር» ነው። ነጭ ጋዋን ደግሞ መርካቶ ይሸጣል። ስለዚህ «ዶክተር ነው ወይ?» ሳይሆን «የምን ዶክተር ነው፣ የሚናገረውስ በሙያው ነው ወይ?» ይበሉ። የኩላሊት ሐኪም ስለ ኩላሊት ሲናገር አንድ ነው፤ ስለ 5ጂ ማማ ሲናገር እንደኔና እንደርስዎ ነው።

ሌላው ምልክት መጨረሻው ላይ ነው። ቪዲዮው በስልክ ቁጥርና በ«ውስን ብዛት ነው ያለን» ካለቀ ማስታወቂያ እየተመለከቱ ነበር። በ2012 ዓ.ም. ኮቪድ ሲገባ ፌጦ፣ ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ በአንድ ሳምንት እንዴት እንደተወደዱ የማያስታውስ የለም። የዓለም ጤና ድርጅት ነጭ ሽንኩርት ጤናማ ምግብ መሆኑን፣ ከቫይረሱ ለመከላከሉ ግን ማስረጃ አለመኖሩን ተናግሮ ነበር። ከዓረፍተ ነገሩ የተጋራው የመጀመሪያው ግማሽ ነው።

በአማርኛ ስጽፍ የሳይንስ ቃላቱን ከየት ላምጣ?

ሰው ከሚያውቀው ይጀምሩ። «ዘረመል» ቤቱን አግኝቷል፤ «ሕዋስ» እና «ሴል» ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ «ስበት» የሚከራከርበት የለም። «ብርሃን አስተፃምሮ» ግን ብዙ ሰው የሚያውቀው ለፈተና ሸምድዶት ነው። «ርዕደ መሬት» ትክክል ነው፣ የዜና ቃል ነው፤ ቤት ሲነቃነቅ ግን ሰው የሚጮኸው «መሬት ተንቀጠቀጠ!» ብሎ ነው። እኔ ፎቶሲንተሲስ ብዬ በአንድ ዓረፍተ ነገር ማስረዳቱን እመርጣለሁ፦ ቅጠል በፀሐይ ብርሃን ከውኃና ከአየር ምግቡን የሚያበስልበት መንገድ።

ይበልጥ የሚያስቸግረው ቃል «ቲዎሪ» ነው። በሰፈር ቋንቋ «ያ ቲዎሪ ነው» ማለት «ወሬ ብቻ ነው» ማለት ነው። በሳይንስ ግን ንድፈ ሐሳብ በብዙ ማስረጃ የቆመ ማብራሪያ ነው፤ ገና ያልተፈተነው «መላምት» ይባላል። ሁለቱን ካደባለቁ ከሥር የሚመጣልዎትን ሙግት ቀን ሙሉ አይጨርሱትም።

ተመራማሪ ነኝ። ገና ያልታተመ ውጤቴን ብለጥፍ ጆርናል አይቀበለኝም?

ፍርሃቱ መነሻ አለው። በ1969 የኒው ኢንግላንድ የሕክምና ጆርናል አርታኢ ፍራንዝ ኢንግልፊንገር ሌላ ቦታ የወጣ ውጤት አላትምም የሚል ደንብ አወጣ፤ ብዙ ጆርናሎችም ተከተሉት። ዛሬ ኔቸርና ሳይንስን ጨምሮ ብዙዎቹ ቅድመ ኅትመትን ይቀበላሉ። ሆኖም የሚልኩበትን ጆርናል መመሪያ አስቀድመው ያንብቡ፤ አንድ ገጽ ነው።

ከጆርናሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የፈጠራ ሥራ ካለበት፣ በብዙ አገሮች አስቀድሞ በአደባባይ የወጣ ነገር «አዲስ» አይባልም፤ የፓተንት ማመልከቻው ይቅደም። አብረውዎት የሠሩትን ሰዎች ፈቃድ ሳይጠይቁም አይለጥፉ። የታካሚ ፎቶ፣ ፊቱ ተሸፍኖም ቢሆን፣ ያለ ፈቃዱ በፍጹም። ወረዳው፣ ዕድሜውና ሕመሙ ከተጻፈ ጎረቤቱ ያውቀዋል።

የጻፍኩበት መድረክ ቢዘጋ ወይም ቢለወጥስ?

ይለወጣል። ሳይንስብሎግስ በ2006 ተከፍቶ የዘርፉን ታላላቅ ጸሐፊዎች ሰበሰበ። በ2010 ፔፕሲ ከፍሎ የራሱን የምግብ ብሎግ በመሐላቸው ሲከፍት ብዙዎቹ በቁጣ ለቀቁ፤ በ2017 ገጹ ተዘጋ። ትዊተር በኦክቶበር 2022 ባለቤት ሲለውጥ ለዓመታት የተገነባው የሳይንቲስቶች መንደር ተበተነ፤ ብዙዎቹ ዛሬ ብሉስካይ ላይ ናቸው። የጻፉትን በራስዎ ኮምፒውተር ላይ ያስቀምጡ። ፌስቡክ ላይ ብቻ ያለ ጽሑፍ የኪራይ ቤት ውስጥ እንደተተከለ ዛፍ ነው።

የተሳሳተ የሳይንስ መረጃ ባጋራ በሕግ እጠየቃለሁ?

ኢትዮጵያ ውስጥ የሚመለከተው የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ነው። አዋጁ ሐሰተኛ መረጃ የሚለው ስህተትን ሁሉ አይደለም፤ ያሰራጨው ሰው ሐሰትነቱን የሚያውቅ ወይም ማወቅ የሚገባው ሆኖ፣ መረጃው ሁከት ወይም ግጭት የማስነሳት ዕድሉ ከፍተኛ ሲሆን ነው። እውነትነቱን ለማጣራት ተገቢውን ጥረት ማድረግዎ ለእርስዎ ይቆጠራል። ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሲፈጸም ግን ቅጣቱ ይከብዳል። ይህ የሕግ ምክር አይደለም፤ ጉዳይ ከገጠመዎ ጠበቃ ያማክሩ።

ሳይንቲስቶች በአደባባይ ሲነታረኩ ሕዝቡ በሳይንስ ላይ ያለውን እምነት አያጣም?

አንዳንዱ ያጣል። «ትናንት እንዲህ አላችሁ፣ ዛሬ ደግሞ እንዲህ» የሚለውን ቅሬታ በኮቪድ ጊዜ ጠግበን ሰምተናል። ነገር ግን ክርክሩ እስከ መጨረሻው ሲታይ የሚሆነው ሌላ ነው። በጁላይ 2023 የደቡብ ኮሪያ ቡድን ኤልኬ-99 የሚባል ቁስ በተራ የክፍል ሙቀት ያለ ምንም ኪሳራ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል ብሎ አርካይቭ ላይ ለጠፈ፤ አንድ ጠጠር ማግኔት ላይ ግማሽ ጎኗ ተነስታ የምትታይበት ቪዲዮም ነበረው። በዓለም ዙሪያ ላቦራቶሪዎችም፣ በቤታቸው ምድጃ የሞከሩ ሰዎችም ቁሱን ሲጋግሩ በቀጥታ ያሳዩ ነበር።

በኦገስት አጋማሽ መልሱ ታወቀ። ኤሌክትሪክ እንዳያልፍ የሚያግደው እክል ድንገት የወረደው በቁሱ ውስጥ ቆሻሻ ሆኖ የቀረው የመዳብና የድኝ ውህድ 104 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ባሕርዩን ስለሚለውጥ ነው። ጀርመን ውስጥ ንጹሑን ቁስ ሠርተው ሲለኩት ጭራሽ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ሆነ። እያንዳንዱን እርምጃ የተከታተለ ሰው እምነት አጣ ብዬ አላስብም። ያጣው የመጀመሪያውን ቪዲዮ ብቻ አይቶ፣ ከወራት በኋላ «ያ ነገር እኮ ውሸት ነበር አሉ» የተባለው ነው። አብዛኛው ሰው ደግሞ እሱ ነው፤ ለዚህ ጥሩ መልስ የለኝም።

የለጠፍኩት ስህተት ሆኖ ተገኘ። ላጥፋው ወይስ ላርመው?

ለሕይወት አደገኛ ከሆነ፣ ለምሳሌ የመድኃኒት መጠን ተሳስተው ከሆነ፣ ወዲያው ያጥፉት፤ ለምን እንዳጠፉትም አዲስ ጽሑፍ ይለጥፉ። ሌላውን ከላዩ «እርማት» ብለው፣ ቀኑንና የተለወጠውን ቃል ጽፈው ይተዉት። በዝምታ አስተካክሎ ማለፍ አያዋጣም፤ የድሮውን ስክሪንሹት የያዘ ሰው ሁልጊዜ አለ።

እኔም የሃይሊ ጉቢ ዕለት ማታ «በ12,000 ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ» ብዬ ከጻፉት አንዱ ነበርኩ። በማግስቱ ጠዋት አንድ የጂኦሎጂ ተማሪ በውስጥ መስመር «ጋሼ፣ የተመዘገበ ነው የሚለው እኮ» ብሎ ጻፈልኝ። አንዲት ቃል ጨመርኩ፣ እርማት መሆኑንም ከላይ አስታወቅኩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ የወንድሜ ልጅ ከዱባይ በኢሞ ላከችልኝ፤ የገጼ ስም ያለበት ስክሪንሹት፣ ያለ እርማቱ፣ ከሥሩ «አጎቴ፣ ይሄን አይተኸዋል?» የሚል።